ሰዓዳና የሁላችንም አውራ በግ

ሰዓዳ መሞቷን የሰማሁት ኮምቦልቻ በግ ተራ ውስጥ ቆሜ፣ የአንድ በግ ላት በመዳፌ ይዤ ሳለ ነው። በግ ልገዛ አልሄድኩም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እጄ በራሱ ጊዜ ይሄዳል፤ ከላቱ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ከፍ ያደርገውና ክብደቱን ይመዝናል። ይህን ያስለመደችኝ እሷ ናት። በሕይወቴ ከሰው የተማርኩት ነገር ጥቂት ስለሆነ ምኑን ከማን እንደተማርኩ አልረሳም።

“ምኑን ያነሱታል አባቴ፣ ላት የለውም እኮ” አለኝ ደላላው። “የዘንድሮ በግ እንዲህ ነው።”

“የዘንድሮ ብቻ አይደለም” አልኩት።

“ሰዓዳን ያውቋት የለም? የበግ ጣቢያዋን ሰዓዳ። ዛሬ ጠዋት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤቷ አርፋለች። ቀብሯ ከዙህር በኋላ ነው።”

ላቱን ለቀቅኩትና ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ፍለጋ ሄድኩ።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ ስሜ ደምሴ ነው፤ ብረት በያጅ ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳርና ጨው በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ብየዳ የተማርኩት ደሴ ፒያሳ አጠገብ ከነበረ ጋራዥ አጥር ውጪ ቆሜ በማየት ነው። ዓይኔ እስኪያብጥ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ያሳየኝ ነገር የለም። ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ካሉት ትልልቅ የብረት በሮች የትኞቹ የእኔ እንደሆኑ ለማወቅ ስም መፈለግ አያስፈልግም፤ ሲከፈቱ ሲጥ የማይሉት የእኔ ናቸው። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም። ሰዓዳ ወደ እኔ የመጣችው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ነው።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነበር። ከሐረጎ ቁልቁለት ግርጌ የነበረው የመንግሥት የበግ ምርምር ጣቢያ በሽሽቱ ሰሞን ተዘርፎ፣ ቆርቆሮው ተነቅሎ፣ በጎቹ ተበልተው ግንቡና የውሃ ገንዳው ብቻ ቀርቶ ነበር። እንደገና አቋቁሚው ተብላ የተላከችው ቀጭን፣ ቦቲ ጫማ ከእግሯ የማይጠፋ፣ ከኮሌጅ የወጣች የደሴ ልጅ ነበረች። ወርክሾፔ ደጃፍ ላይ ቆማ ሰላምታውን እንኳ ሳታስጨርሰኝ፣

“በበር ውስጥ በር ይሠራሉ?” አለችኝ።

“እኔ የማልሠራው የበር ዓይነት የለም።”

“ትልቁ ለመኪና። ከሥሩ ደግሞ አንድ በግ ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ በር። ሁለት ካሳለፈች አልረከብዎትም።”

“ለምን አንድ ብቻ?”

“በግ በመንጋ ሲያዩት ሁሉም ያምራል ጋሼ። አንድ በአንድ ሲያልፍ ነው ጉዱ የሚታየው።”

ሠራሁላት። ከገበሬ የተዋሰቻቸውን በጎች ከወዲያ ወዲህ እየነዳች ሞከረችው፤ ሁለት ሆነው ያለፉ አልነበሩም። ትልቁንም ትንሹንም ከፈተች፣ ዘጋች፤ ድምፅ የለም።

“ይህን የት ተማሩት?”

“ከራሴ።”

“የማያውቁት ነገር የለም ማለት ነው?”

“እስካሁን አላጋጠመኝም።”

ከት ብላ ሳቀች። “አንድ ቀን ‘አላውቅም’ ሲሉ ብሰማ በግ አርድልዎታለሁ።”

“እስላም ያረደውን አልበላም።”

“እንግዲያው እርስዎ ያርዱት፤ እኔ ቆሜ አጨበጭባለሁ።”

ከዚያ ወዲህ በተገናኘን ቁጥር “አሁንም አልጠፋዎትም?” ሳትለኝ አታልፍም ነበር።

ሥራዋን በአጭሩ ላስረዳ። የእኛ አገር ገበሬ ፈጥኖ ያደገውን፣ ላቱ የሞላውን ወጣት ወንድ በግ ለዐረፋ ወይም ለፋሲካ ገበያ ያወጣዋል። ቤት ቀርቶ ከሴቶቹ ጋር የሚውለው ገዢ ያጣው ቀጫጫ ነው። ስለዚህ በጉ በየትውልዱ እያነሰ ይሄዳል። ሰዓዳ የተነሳችው ይህን ልትገለብጥ ነው። ጣቢያው ውስጥ የመረጠቻቸውን አውራ በጎች ለየመንደሩ ታውስ ነበር፤ አንዱ አውራ አንድ መንደር ከርሞ፣ ከገዛ ልጆቹ ጋር እንዳይገናኝ፣ በዓመቱ ወደሚቀጥለው መንደር ይዛወራል። መሸጥ የለም፣ ማኮላሸት የለም፣ ማረድ የለም።

“በጉ የማን ነው?” ይሏታል።

“የኔ አይደለም፣ የአንተም አይደለም። የሁላችሁም ነው።”

ይህን ቃል እንደ ዚክር እየደጋገመች አስያዘቻቸው።

ለአውራ በግ ስም አታወጣም ነበር። “ስም ካወጣሁለት እወደዋለሁ፤ ከወደድኩት ጉድለቱን አላይም” ትላለች። ሰውንም የምታየው እንደዚያው ነው፤ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ዓይኗ የሚሄደው ወደ እግሩ ነው። የጣቢያው ሠራተኛ እጮኛውን ሊያስተዋውቃት ይዟት ቢመጣ፣ ልጅቷን ቁልቁል አይታ “አቋቋሟ ደህና ነው” ብላ አስለቀሰቻት። ክፋት አልነበራትም፤ ለእሷ ምስጋና ነበር።

ስትቆጣ ግን መመለሻ የላትም። አንድ መንደር የተዋሰውን አውራ በስርቆሽ አኮላሽቶ ሙክት ሊያደርገው ሲል ሰማች። በእግሯ ተራራውን ወጥታ፣ በጉን ጎትታ፣ መንደሩን ከተራው አወጣችው። የአካባቢው ሰው የሚያከብረው ገበሬ፣ የእኔም እኩያ የሆነው ሙሄ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ ወርዶ ለመናት። “ከዛሬ ጀምሮ ለበጉ ተጠያቂው እኔ ነኝ፣ ወላሂ” አላት። ያን ጊዜ ታረቀች። ሙሄም ቃሉን ጠበቀ። የአውራ በጎቹ መዛወሪያ ቀን ሲደርስ ከየመንደሩ ያሉትን አሰልፎ በእኔ ትንሽ በር አንድ በአንድ የሚያስገባው እሱ ነበር፤ ሰዓዳ ከውስጥ ቆማ እያንዳንዱን ላቱን በመዳፏ እያነሳች ትቀበላለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ ዓመት ሄደ። በመጨረሻ አንድ አውራ በግ ተወለደ። ጥቁር ቡናማ፣ ግራ ጎኑ ላይ መዳፍ የሚያህል ነጭ ያለበት። እኔ የብረት ሰው ነኝ፤ ግን ያን በግ ሳየው በግ ማለት ይህ ነው አልኩ። ሰዓዳ ላቱን አንስታ አልለቅ አለች።

“ስም ላወጣለት ምንም አልቀረኝም ጋሼ” አለችኝ። “ለዚህ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት።”

ትእዛዙ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። በግ ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ባለሀብት፣ ከቆላ የሚያመጣቸውን በጎች ከመጫናቸው በፊት የሚያሳርፍበት ቦታ ጠየቀ። ለወጪ ንግድ ማበረታቻ ተብሎ ጣቢያው እንዲሰጠው ተወሰነ። ኮምቦልቻ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። እኔም አጥርና በሩን የሠራሁ ነኝና ሄድኩ።

“ይህች አገር መድኃኒት የምትገዛው በብር አይደለም” አለ ከክልል የመጣው ኃላፊ። “በውጭ ምንዛሪ ነው። ምንዛሪውን የሚያመጣው ሰው ደግሞ ውሃ ያለው፣ የታጠረ፣ ለአውራ ጎዳና የቀረበ ቦታ ይፈልጋል። ይህ ጣቢያ እስከ ዛሬ ለገበያ ምን አወጣ?”

“በግ” አለች ሰዓዳ። አዳራሹ ሳቀ።

“በቶን ስንት?”

“በቶን አይደለም። እኛ የምናወጣው ነገ በግ የሚያወጣላችሁን በግ ነው።”

“ወይዘሮ ሰዓዳ፣ ቦታው የመንግሥት ነው። መንግሥት ወስኗል።”

“የመንግሥት ስትሉ የማን ማለታችሁ ነው? የገበሬው ካልሆነ የማን ነው?”

“ይሄ የኪራይ ሰብሳቢ አመለካከት ነው” አለ ኃላፊው። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ከተነገረ ወዲያ የሚናገር ሰው አይኖርም። ተቀመጠች።

እውነቱን ለመናገር ኃላፊው ስለ ምንዛሪው አልዋሸም። እኔም ምንዛሪ ሲጠፋ የብየዳ ኤሌክትሮድ አጥቼ ወርክሾፔን ዘግቼ እውላለሁ። ግን ዶላር ለማምጣት ሌላ ሜዳ የጠፋ ይመስል ያን ቦታ መምረጣቸው እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም።

የጣቢያው ንብረት በሙሉ ተሰብስቦ ይረከብ ተባለ፤ ንብረት ማለት ወንበሩም በጉም ነው። ለየመንደሩ የተዋሱት አውራዎች ሁሉ እንዲመለሱ ሰዓዳ ራሷ ለገበሬዎቹ እንድትነግር ታዘዘች። ነገረቻቸው። እነሱም አምነዋት አንድ ሳያስቀሩ አመጡ። ከርክክቡ በኋላ የጣቢያው በጎች የደጋ ስለሆኑ ሥጋቸው ቶሎ ይጠቁራል፣ ለውጭ ገበያ አይሆኑም ተባለና ለኮምቦልቻ ሉካንዳዎች ተከፋፈሉ። በእኔ ትንሽ በር አንድ በአንድ ወጡ። ሰዓዳ ይህን ለገበሬዎቹ አልነገረቻቸውም። አምጡ ያለቻቸው እሷ ናትና አፈረች። እነሱ በጎቹ አሁንም ጉረኖ ውስጥ ያሉ ይመስላቸው ነበር።

ያ ጎኑ ላይ ነጭ ያለበት አውራ ግን በትንሿ በር አልወጣም። ርክክቡ ከመጀመሩ በፊት በጠራራ ፀሐይ ባጃጅ አስመጣች።

“ከሦስት ሰው በላይ አልጭንም” አለ ነጂው።

“ሦስት ነን” አለችው።

በጉን መሀላችን አስቀምጠን ነጠላዬን ጣል አደረግንበት። በሩ ላይ የባለሀብቱ አዲስ ዘበኛ አስቆመን። ነጠላውን ገልጦ አየ።

“ይሄ ምንድነው አባቴ?”

“ለዐረፋ የተገዛ በግ።”

አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየ። “እርስዎ ክርስቲያን አይደሉም እንዴ?”

“እሷ እስላም ናት። እኔ ተሸካሚ ነኝ።”

ሳቀና አሳለፈን። ከእኔ ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ በር ላይ ይንተባተብ ነበር። መንገድ ላይ ሰዓዳ የበጉን ጆሮ እያሻሸች “ሰረቅኩ ማለት ነው ጋሼ?” አለችኝ።

“አልሰረቅሽም።”

“በምን ያውቃሉ?”

“አውቃለሁ።”

“እርስዎማ” አለች፤ ፊቷ ግን ትንሽ ፈታ አለ።

ሙሄ ደጁ ላይ ተቀበለን። “አባ ሙሄ፣ ይሄ በግ የኔ አይደለም” ብላ ስትጀምር፣

“የሁላችንም ነው” አላት ከአፏ ነጥቆ።

“እስክመለስ ከሴት በግ እንዳይገናኝ። የምትገናኘውን እኔ ነኝ የምመርጥ።”

“እንደ ልጄ እጠብቀዋለሁ። ወላሂ።”

አቤቱታዋን ይዛ ሄደች። ክረምቱን በሙሉ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት ከረመች። አልፎ አልፎ ወርክሾፔ ትደውላለች፤ “ዛሬም ነገ አሉኝ” ትላለች፣ ስለ በጉ ትጠይቃለች፣ ትዘጋለች። መስከረም ጠብቶ አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ከሚኒባስ ስትወርድ አየኋት፤ ከስታለች፣ ዓይኗ ግን ይበራል።

“ሰጡኝ ጋሼ! ጣቢያውን አይደለም፤ ደጋው ላይ የተዘጋ የችግኝ ቦታ አለ፣ እሱን። ዘሩ በእጅሽ ካለ ቦታውን ውሰጂ፣ ባለሙያ መጥቶ አውራውን ይየው አሉኝ። ይነሱ፣ ሙሄ ጋ እንሂድ።”

ወርክሾፑን ዘግቼ አብሬያት ወጣሁ።

ሙሄ ከሩቅ አይቶን ከአጥሩ ውጪ ደረሰ። “ተሰጠሽ?”

“ተሰጠኝ!”

“አልሐምዱሊላህ! አላልኳችሁም? ዱዓችን ሰመረ!” እያለ ወደ ጎረቤት ተጣራ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሰው ግር ብሎ መጣ። እሷን ክብር ቦታ፣ አዲስ አጎዛ ዘርግተው አስቀመጧት።

አጎዛው ጥቁር ቡናማ ነበር። ከጫፉ ላይ መዳፍ የሚያህል ነጭ አለበት። ዓይኔ ፈጣን ነውና ከእሷ በፊት እኔ አየሁት። የእሷ እጅ ግን እንደ ልማዱ ሱፉ ላይ ሄደ፣ ጣቶቿ ውስጥ ውስጡን ዳሰሱ፣ ከዚያ ቆሙ።

“በጉስ አባ ሙሄ?” አለች። ድምፅዋን አጠገቧ ሆኜ እንኳ ለመስማት ከበደኝ።

ሙሄ ፊቱ በደስታ በርቷል። “ለአንቺው ጉዳይ ወዳጃ ተቀመጥን” አላት። ወዳጃ የእኛ አገር የማኅበር ዱዓ ነው፤ ለከበደ ነገር ይሰበሰባሉ፣ ያርዳሉ፣ ይለምናሉ። “ሁሉም የየራሱን በግ አመጣ። ዱዓ የሚመሩት ሽማግሌ ‘ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚታረደው ከሁሉ የሚበልጠው ነው’ አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስተማርሽን አንቺ ነሽ። የሁላችንም ስለሆነ ብቻዬን አልወሰንኩም፤ ያሉትን ሁሉ ጠየቅኩ። አንድ ሰው እንኳ አልሳሳብሽም ልጄ! ጣቢያው ሲመለስልሽ አውራው ሞልቷል አልን። ይኸው አላህ ሰማን።”

ሁሉም ያዩዋታል። እኔም አየኋት። በሕይወቴ ብዙ ብረት ቀልጦ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ፊት አላየሁም።

“አላህ ይቀበላችሁ” አለች።

“ድርሻሽን አስቀርተናል” አለችና የሙሄ ሚስት የቋንጣ ወጥ አቀረበችላት። ለእኔ በክርስቲያንነቴ ሽሮ መጣልኝ፤ አልወረደልኝም። ሰዓዳ ግን በላች። አንዲት ቁራጭ ሳታስቀር፣ እያመሰገነች በላች። ሲሸኙን ሙሄ አጎዛውን ጠቅልሎ “ስገጂበት” ብሎ አሸከማት።

ቁልቁለቱን አጋመስን። ከዚያ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና፣

“አይነግሩትም” አለችኝ።

“አልነግረውም።”

“ይማሉልኝ።”

“በማርያም።”

“ከጠየቀዎትስ? እርስዎ ለተጠየቁት መልስ ሳይሰጡ አያድሩም።”

“አይጠይቀኝም” አልኳት።

ባለሙያዎቹ መጡ፤ የሚያዩት አውራ አልነበረም። የችግኝ ቦታው ለሌላ ሥራ ተሰጠ። ሰዓዳን ደሴ ቢሮ ውስጥ አንድ ወንበር ሰጧት፤ ጡረታ እስክትወጣ እዚያ ተቀመጠች። ባለሀብቱም ብዙ አልቆየም፤ ገበያው ሲቀዘቅዝበት ጥሎ ሄደ። አሁን ቦታው ላይ ባዶ ኮንቴይነር ተደርድሯል። የሠራሁት በር እስከ ዛሬ ሲጥ አይልም፤ ትንሿ በር ግን ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ ዘበኛ የለም። ሰዓዳ ከዚያ ወዲህ በግ ተራ አልረገጠችም። የዐረፋን በግ እንኳ እህቷ ናት የምትገዛው። ሙሄ ግን በዓመት በዓል ሁሉ ይጠይቃት ነበር፤ በሩን ስትከፍትለት እንደ አባቷ ትስመዋለች፤ የነገረችው ነገር አልነበረም።

የቀብሯ ቀን ከመቃብር ተመልሰን ቧንቧ ውሃ ቤቷ ስንቀመጥ ሙሄ በምርኩዝ ደረሰ። አርጅቷል፤ ዓይኑም ደክሟል። እህቷ ከመስገጃ ቦታዋ አጎዛውን አምጥታ አጠገቤ ዘረጋችለት። በእጁ ዳሰሰው። ሱፉ በግንባሯና በጉልበቷ ሳስቷል።

“ይኸው፣ ያ በግ” አለ። “እስከ ዛሬ ይዛዋለች።” አለቀሰ። ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

“ደምሴ፣ አንተ የማታውቀው የለም። እስቲ ይህን ንገረኝ። ያን ጊዜ ዱዓችን ሰምሮ ነበር። ቦታው ተሰጥቷት ነበር፣ በአፏ ነግራናለች። ታዲያ ጣቢያው ለምን ሳይከፈት ቀረ?”

መዳፉ ነጩ ላይ ነበር።

“አላውቅም” አልኩት።

ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። በግ የምታርድልኝ ሰው በዚያው ዕለት ተቀብራለች። ሙሄ ትክ ብሎ አየኝ፤ ያላመነኝ መሰለኝ።

“አንተም ካላወቅከው እንግዲያው አላህ ያውቃል” አለና እጁን ለዱዓ ዘረጋ።